«መኪናዬ አልጭን አለ፤ ለእጮኛዬስ ምን ልበላት?»

ባለፈው ሳምንት ስለ ደባል ኑሮ ከጻፍኩ ወዲህ ስልኬ በመልእክት ተጥለቅልቋል። ሁሉንም አንብቤአለሁ፣ በየተራ እንመለስበታለን። ዛሬ ግን ተራ የማይጠብቅ ደብዳቤ ደርሶኛልና እሱን ላስቀድም። ለምን ተራ እንደማይጠብቅ እናንተም ስታነቡት ይገባችኋል። ምናልባት ጸሐፊው ራሱ አልገባው ይሆናል እንጂ።

ደብዳቤው የመጣው ከወደ አሜሪካ ነው። ቴክሳስ ውስጥ ሚድላንድ ከምትባል፣ የነዳጅ ጉድጓድ እንደ ጉንዳን ጉድጓድ ከበዛባት አካባቢ። ከረዥሙ ደብዳቤ ዋና ዋናውን ላቅርብላችሁ፦

«ዕድሜዬ 26 ነው። ዲቪ ደርሶኝ ከመጣሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። መጀመሪያ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሳነሳ ሳወርድ ነበር የምውለው። ኋላ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ አወጣሁና ከነዳጅ ጉድጓድ የሚወጣ ጨዋማ ውሃና ፍሳሽ የሚያመላልስ ድርጅት ቀጠረኝ። ሲቀጥሩኝ ‹መምጠጫ ፓምፕ ያለው ቦቴ ሠርተህበት ታውቃለህ?› አሉኝ። ‹በደንብ!› አልኩ። ሠርቼበት አላውቅም።

«አሁን መኪናው አልጭን እያለ አሰቃየኝ። ቱቦውን ሰክቼ ፓምፑን ሳስነሳ መጀመሪያ ጥሩ ይስባል። ግማሽ አካባቢ ሲደርስ ይደክማል፣ ቆይቶ ጭራሽ ያቆማል። በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ግማሽ ጭኜ ተመለስኩ። አለቃዬ ‹አንድ ጊዜ ቢደገም ቁልፉን አስቀምጠህ ትሄዳለህ› ብሎኛል። አብሮኝ የሚሠራ አንድ አዛውንት ሜክሲኳዊ ሾፌር አለ፣ የማያውቀው ነገር የለም። እሱን ብጠይቅ ደግሞ ውሸቴ ይወጣል። ባለፈው ማታ ሲጨንቀኝ ታንኩ ላይ ወጣሁና ክዳኑን ከፍቼ በስልኬ መብራት ወደ ውስጥ አየሁ። ትንሽ ራሴን አዞረኝ፣ ወርጄ ግማሽ ሰዓት ተቀመጥኩ። ከዚያ ደህና ሆንኩ።

«ዋናው ጥያቄዬ ግን ይኼ አይደለም። አዲስ አበባ እጮኛ አለችኝ። ለእሷም ለእናቴም የነግርኳቸው የነዳጅ ኩባንያ ቴክኒሻን ነኝ ብዬ ነው። የፍሳሽ መኪና ሾፌር መሆኔን ብታውቅ ትተወኝ ይሆን? አንተ ከዚህ በፊት ሽንት ቤት መጣጭ መኪና ላይ ሠርቼአለሁ ብለህ ስለጻፍክ ነው ለአንተ የጻፍኩት።

«ግራ የገባኝ፣ ከሚድላንድ»

ወንድሜ ግራ የገባህ፣ በመጀመሪያ ስለ እምነትህ አመሰግናለሁ። ስለ እጮኛህ እነግርሃለሁ፣ አትቸኩል። አንተ ግን በአንዲት መስመር ያለፍካት ነገር አለች። «ትንሽ ራሴን አዞረኝ» ያልካት። እኔ ደብዳቤህን ሳነብ እዚያች መስመር ላይ ስደርስ ከወንበሬ ተነስቻለሁ።

ለምን እንደተነሳሁ ልንገርህ። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር ሁለት ዓመት እዚሁ አዲስ አበባ የሽንት ቤት መጣጭ መኪና ረዳት ነበርኩ። ሾፌሩን ጋሼ ነበር የምላቸው። ድሮ ጦር ሠራዊት ውስጥ መካኒክ የነበሩ፣ ከንግግር ይልቅ ዝምታ የሚቀናቸው ሰው ናቸው። አንድ ቀን አንድ ግቢ ገብተን ቱቦ ዘርግተን ፓምፑ ቢጮህ ቢጮህ ጠብ የሚል ነገር የለም። ጋሼ ፓምፑ ጋ ይፈትሻሉ። እኔ ደግሞ የምሠራ ለመምሰል ጉድጓዱ አፍ ላይ ተደፍቼ የቱቦው ጫፍ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ እንደሆነ አያለሁ። መጀመሪያ የተበላሸ እንቁላል የመሰለ ሽታ መታኝ። ትንሽ ቆይቶ ሽታው ጠፋ። «ጎሽ፣ ጋዙ ወጥቶ አለቀ» ብዬ ይበልጥ ጎንበስ ስል ጋሼ ቀበቶዬን ይዘው ወደ ኋላ ሲወረውሩኝ አጥሩ ሥር ተዘረርኩ።

«ሽታው ጠፍቷልኮ ጋሼ!» አልኩ።

«የጠፋው ካንተ አፍንጫ ነው። ጉድጓዱ ውስጥማ አለ» አሉኝ።

ያን ቀን የተረፍኩት በእሳቸው ነው። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባለው ጋዝ ጠባዩ እንዲህ ነው። በትንሹ ሲሆን ይሸታል። በአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ ወደ 100 ክፍል ሲደርስ አፍንጫን ያደነዝዝና ሽታው የጠፋ ይመስላል። ከ700 እስከ 1000 ሲደርስ ሰውን ለመጮህ እንኳን ጊዜ ሳይሰጥ ይጥላል። ከአየር ስለሚከብድ ጉድጓድና ታንክ ውስጥ ይተኛል። እዚህ በሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ያለው ጋዝ እዚያ አንተ ጋ ከድፍድፍ ዘይትና ከጨዋማው ውሃ ጋር ይወጣል። ያውም ብቻውን አይደለም፣ የነዳጁ ተን አብሮት አለ። ያ ተን ክዳን ሲከፈት ገንፍሎ ወጥቶ ኦክስጅኑን ያባርራል።

ይኼን ለማስፈራራት አይደለም የምነግርህ። የአሜሪካ መንግሥት የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤቶች በአውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ባወጡት ማስጠንቀቂያ፣ ከ2010 እስከ 2014 ባሉት ዓመታት ብቻ በነዳጅ ጉድጓዶች አካባቢ የማጠራቀሚያ ታንከር ክዳን ከፍተው ሲለኩ ወይም ናሙና ሲቀዱ የሞቱ ዘጠኝ ሠራተኞችን ጠቅሰዋል። ብዙዎቹ ብቻቸውን ነበሩ። አንተም በዚያች ማታ ብቻህን ነበርክ። እንኳን ቁጭ ብለህ ተነሳህ! ነገ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ሂድና የሆነውን ሳትቀንስ ንገር። ለድርጅቱም ተናገር። ሁለተኛ እንዳትከፍተው። ደረትህ ላይ የጋዝ ጠቋሚ ካልሰጡህ ጠይቅ፣ ሲጮህ ደግሞ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ራቅ እንጂ «እስቲ ትንሽ ልየው» አትበል።

እሺ፣ አሁን ወደ መኪናህ።

ይኼ መኪና እንዴት እንደሚሠራ ብዙ ሾፌር ተሳስቶ ነው የሚያውቀው። መኪናው ውሃውን አይስበውም። ፓምፑ የሚያደርገው አየሩን ከታንኩ ውስጥ ማውጣት ነው። ታንኩ ውስጥ አየር ሲያንስ ውጭ ያለው አየር ፍሳሹን ገፍቶ ያስገባዋል። ለስላሳ በስትሮ እንደ መጠጣት ነው። ስትሮው የመርፌ ቀዳዳ ካለው ጉንጭህ እስኪጎደጉድ ብትስብ አየር ነው የምትጠጣው። የስትሮው ጫፍ ሲደፈን ደግሞ ጉንጭህ ተጣብቆ ይቀራል፣ ምንም አይመጣም። የመኪናህ ችግር ከነዚህ ከሁለቱ አንዱ ነው፦ ወይ አየር ያስገባል፣ ወይ ተደፍኗል። የትኛው እንደሆነ የምትነግርህ ጌጇ ናት።

ጋሼ ያስተማሩኝ ዘዴ ይኸውልህ። ችግሩን ለሁለት ክፈለው ይሉ ነበር። የታንኩን ማስገቢያ ቫልቭ ዝጋና ፓምፑን አስነሳ። አሁን ቱቦው ከጨዋታ ውጭ ሆነ፣ የቀረው ታንኩና ፓምፑ ብቻ ነው።

አንደኛ፣ ቫልቩ ተዘግቶ ጌጇ ካልወጣች ጥፋቱ መኪናው ላይ ነው። ከቀላሉ ጀምር። ፒቲኦው ገብቷል? መምጠጫና መትፊያ የሚቀይረው እጀታ በትክክል መምጠጫው ላይ ነው? በየውሃ ማጥመጃው ሥር ያለችው ማፍሰሻ ተዘግታለች? ከዚያ የክዳኖቹ የላስቲክ ማሸጊያ፣ ከዚያ የፓምፑ ኦሊዮ፣ ቺንጋ ካለውም ቺንጋው። ይኼ ሁሉ ደህና ሆኖ ካልወጣች የፓምፑ ምላሶች አልቀዋል ወይም የግፊት መልቀቂያው ቫልቭ ተከፍቶ ቀርቷል ማለት ነው፣ እሱ የመካኒክ ሥራ ነው።

ሁለተኛ፣ ጌጇ ወጥታ ፓምፑን ስታቆም ቶሎ የምትወርድ ከሆነ የሆነ ቦታ አየር ይገባል። በጆሮህ ፈልገው፣ ሲፉጭ ትሰማዋለህ። እጅህን ግን የሚስብ ቱቦ አፍ ላይ እንዳታደርግ፣ ሥጋ ይዞ አይለቅም።

ሦስተኛ፣ ጌጇ ወጥታ ከቆመች ታንኩም ፓምፑም ጤነኛ ናቸው። ጥፋቱ ቱቦው ላይ ነው። ቫልቩን ስትከፍት ጌጇ ወዲያው ወርዳ ፍሳሽ ካልመጣ ቱቦው አየር ያስገባል፦ መጋጠሚያው ጎሚኒ የለውም፣ ቱቦው ተቀድዷል ወይም ጫፉ ፍሳሹ ውስጥ አልጠለቀም። ጌጇ እላይ ቀርታ ፍሳሽ ካልመጣ ተደፍኗል፦ ጫፉ ደለል ውስጥ ገብቷል፣ ማጣሪያው ተዘግቷል፣ የቱቦው የውስጥ ሽፋን ተላቆ ተጣብቋል ወይም ፍሳሹ ራሱ ወፍራም ነው። መጋጠሚያ ከመፍታትህ በፊት ደግሞ ፓምፑን አቁመህ ግፊቱን ልቀቅ።

ስለ ጌጅ አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆንን አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ የጋሼ ጌጅ ከ22 ኢንች ብዙም አታልፍም ነበር። እንኳን ሌላ ፓምፕ ተአምርም ቢመጣ አያሳልፋትም። አንተ ያለህበት ሚድላንድ ከባሕር ወለል 850 ሜትር ገደማ ስለሆነ እስከ 27 የምትጠጋ ልታይ ትችላለህ። ከጥልቅ ጉድጓድ ስትስብም እንደዚሁ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ እንኳን ውሃ በዚህ ዘዴ ከ10 ሜትር ገደማ በላይ አይወጣም፣ በሥራ ላይ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው።

አሁን ያንተን በሽታ ላንሳ። «መጀመሪያ ጥሩ ይስባል፣ ግማሽ ሲደርስ ያቆማል» ብለሃል። መጀመሪያ ጥሩ ከሳበ ፓምፑን ብዙ አልጠረጥረውም። እኔ የምጠረጥራት ተንሳፋፊዋን ኳስ ነው። ታንኩ አናት ላይ፣ አየር ወደ ፓምፑ በሚሄድበት መንገድ ላይ አንዲት ኳስ አለች። ሥራዋ ታንኩ ሲሞላ ተንሳፍፋ መንገዱን መድፈን ነው፣ ፍሳሹ ፓምፑ ውስጥ ገብቶ እንዳይሰብረው። ፍሳሹ አረፋ ካበዛ ግን ታንኩ ግማሽ ሳለ አረፋው ያነሳትና ትዘጋዋለች። አንዳንዴም ቅባት ይዟት እዚያው ተጣብቃ ትቀራለች። እንዲህ ሲሆን ፓምፑ ይጮኻል፣ ታንኩ ግን አይስብም።

ስለዚህ ጌጅህ የተሰካችው ታንኩ ላይ ነው ወይስ ፓምፑ አጠገብ? ይኼን አጣራ። ሥራው ሲቆም የፓምፑ በኩል ከፍ ብሎ የታንኩ በኩል ከወረደ ኳሷ ናት። የታንኩም በኩል ከፍ ካለ ቱቦውን ፈትሽ። ኳሷ ከሆነች ፓምፑን አቁመህ አረፋው እስኪተኛ ጠብቅ፣ ከዚያ ሞተሩን ቀንሰህ በዝግታ ሳብ፣ የቱቦውን ጫፍም ከአረፋው በታች አጥልቀው። ተጣብቃ ከሆነ ግን ታንኩ ታጥቦ፣ ጋዙ ተለክቶ ንጹሕ ሲባል ጋራዥ ውስጥ ነው የምትታየው። በሌሊት፣ በስልክ መብራት አይደለም! ታንኩ ምን ያህል እንደሞላ ለማየትም ክዳን መክፈት አያስፈልግህም፣ ከኋላው ያሉት የመስተዋት ዓይኖች ለዚያ ነው የተሠሩት።

ደግሞ አለቃህ «ሙሉ አምጣ» ቢልህም ሙሉ ማለት ሁልጊዜ ሙሉ አይደለም። እዚያ የተለመደው ባለ 130 በርሜል ታንክ ነው፣ አንድ በርሜል 159 ሊትር። ንጹሕ ውሃ ቢሆን ጭነቱ 20 ቶን ተኩል ይሆናል። የጉድጓዱ ውሃ ግን ጨው ጠጥቶ በጣም ሲከብድ ያው 130 በርሜል ወደ 25 ቶን ይጠጋል። በዋና ዋና የአሜሪካ መንገዶች መኪናው ከነጭነቱ ከ80 ሺህ ፓውንድ፣ ማለትም ከ36 ቶን ትንሽ ካለፈ፣ ያለ ልዩ ፈቃድ አይሄድም። ሚዛን ላይ የሚቆመውም፣ ፍሬን አልይዝ ሲል የሚጨነቀውም አለቃህ ሳይሆን አንተ ነህ። የውሃውን ክብደት ጠይቀህ ጫን።

አንድ ነገር ደግሞ ከሁሉ በላይ ያዝልኝ። ቱቦ ከመስካትህ በፊት የመሬት ሽቦውን አያይዝ፣ የፓምፑ ጭስ ማውጫ የሚተፋው ተን ወደ መኪናው እንዳይመለስ የነፋሱን አቅጣጫ እይ። ሞተርህ ሳትነካው በራሱ እየጮኸ ከፍ ካለ የነዳጅ ተን እየጠጣ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ጥር 2003 በዚያው በቴክሳስ፣ ሮሻሮን በምትባል ቦታ ሁለት መጣጭ መኪናዎች ፍሳሽ ሲያራግፉ ልክ እንዲህ ሞተራቸው ጮኸ። ተኑ ተቀጣጠለ። ሦስት ሰዎች ሞቱ፣ ሾፌሮቹም ክፉኛ ተቃጠሉ። እንዲህ ካየህ መኪናውን ላድን አትበል፣ እግሬ አውጪኝ በል።

የጋሼን ታሪክ ግን አልጨረስኩትም። ያን ቀን መኪናው ያልሳበው ለምን እንደነበር ታውቃለህ? መጋጠሚያው ላይ ጎሚኒ ስላልነበረ ነው። ጎሚኒዋን ጠዋት ሌላ ግቢ ውስጥ የጣልኳት እኔ ነበርኩ። አውቅ ነበር! «ረሳሁ ጋሼ» ማለት አፍሬ ነው ጉድጓድ ላይ የተደፋሁት። ሁለት ቃል ላለመናገር ብዬ ነፍሴን ልሰጥ ነበር። ማታ ላይ ስነግራቸው ተቆጡ ብትል? ኪሳቸው ገቡና ትርፍ ጎሚኒ አውጥተው ሰጡኝ። «ይኼ ኪሴ ውስጥ ነበር» አሉኝ፣ በቃ። እስከ ዛሬ ሳስበው ያቃጥለኛል።

ያንተም ጎሚኒ በዚያ አዛውንት ሜክሲኳዊ ኪስ ውስጥ ሳይሆን አይቀርም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲባል አልሰማህም? ነገ ቡና ይዘህለት ሂድና «አውቃለሁ ያልኩት ውሸቴን ነው፣ አሳየኝ» በለው። ይስቅብህ ይሆናል። ለአለቃህ ይናገርብህ ይሆናል። ሥራውን ልታጣም ትችላለህ፣ ይኼን አልደብቅህም። ሥራ ግን ሌላ ይገኛል። መንጃ ፈቃድህ ኪስህ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ «ዋናው ጥያቄህ»።

እኔም ያኔ የሴት ጓደኛ ነበረችኝ። «ውሃ ድርጅት ነው የምሠራው» ብያት ነበር። ሁልጊዜ ታጥቤ፣ ሽቶ ተቀብቼ ነበር የማገኛት። አንድ ቅዳሜ የአክስቷ ግቢ ሥራ ተጠራን። ቱቦ ተሸክሜ ስገባ ከነሻይ ብርጭቆዋ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። አልሰደበችኝም፣ አፍንጫዋንም አልያዘችም። ሁለት ሳምንት ዘጋችኝና ስንገናኝ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፣ «ሌላስ ምን ደብቀኸኛል?» የምደብቀው ሌላ ነገር አልነበረኝም። ማን ይመነኝ? ከዚያ በኋላ «እናቴ ታመመች» ብዬ ስቀጥራት እንኳን ዓይኖቿ ሲጠረጥሩኝ አያለሁ። በዚያው ተለያየን።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ትተወኝ ይሆን ላልከው መልሱ እሷ ጋ ነው። እኔ የምመክርህ ከሰው ሳትሰማ አንተው ንገራት ነው። ስትነግራት ደግሞ «ይቅርታ፣ ሥራዬ ዝቅተኛ ነው» ብለህ እንዳትጀምር፣ ሥራህን አታሳንሰው። እዚያ አካባቢ በብዙ ጉድጓድ አንድ በርሜል ዘይት ሲወጣ ሦስት አራት በርሜል ጨዋማ ውሃ አብሮ ይወጣል። ያን ውሃ የሚያነሳ ከሌለ ዘይቱም ይቆማል። ደውልላትና «መኪናዬ ይኼ ነው፣ እንዲህ እንዲህ ይሠራል» ብለህ በቪዲዮ አሳያት። ለእናትህም እንደዚያው። እናትህ የሚፈልጉት የሥራህን ስም አይመስለኝም፣ በሰላም መግባትህን ነው።

ያን ሁሉ ሰምታ ከሄደች ትሂድ፣ ያማል፣ አልዋሽህም። ከቆየች ግን ማታ ሥራ ላይ ሆነህ ሲጨንቅህ የምትደውልላት ሰው አገኘህ ማለት ነው። ያኔ ክዳን አትከፍትም።

አዛውንቱ ምን እንዳሉህ፣ ጥፋቱም ኳሷ እንደነበረች ጻፍልኝ፣ እጠብቃለሁ። ካልጻፍክልኝ እጨነቃለሁ።

እናንተም እዚህ ያላችሁ አንባቢዎቼ፣ አሁን «አውቃለሁ» ብላችሁ የማታውቁትን ይዛችሁ የተጨነቃችሁ ካላችሁ፣ ጋዜጣውን እጠፉና ተነስታችሁ ሂዱ፣ ጠይቁ። እኔ የሳምንት ሰው ነኝ፣ አልጠፋም።

ቸር ይግጠመን!